ከማገዶ የተረፈ ውበት፦ የላላና የተዥጎረጎረ እንጨትን በቤት ውስጥ የማጠንከር ዘዴ

ክረምቱን በጓሮ ወድቆ የከረመ የማንጎ ግንድ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያልተጠበቀ መልክ ያሳያል። ነጣ ባለው እንጨት ላይ በብዕር የተሰመሩ የሚመስሉ ጥቋቁር መስመሮች፣ በመካከላቸውም ግራጫና ቡናማ ጥላዎች ይታያሉ። መልኩ ዐይን ቢማርክም አካሉ ግን ደክሟል። በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ በመላጊያ ሲልጉት ይፈረፈራል፤ ሚስማርም አጥብቆ አይዝም። በዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው ማገዶ ይኾናል።

ይህን መሰሉን እንጨት ለጌጥና ለአነስተኛ የእጅ ሥራ የሚያበቃ ዘዴ አለ። ዘዴው በእንጨቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ፈሳሽ ሙጫ እንዲጠጡ አድርጎ ሙጫውን በውስጣቸው ማድረቅ ሲኾን፣ እንጨትን ማጠንከር ይባላል። በአግባቡ ከተሠራ ሊጣል የነበረ ቁራጭ የቢላዋ እጀታ፣ የረከቦት ጌጥ፣ የእስክሪብቶ አካል ወይም የጌጣጌጥ ሳጥን ክዳን ሊኾን ይችላል። በጥድፊያ ከተሠራ ግን የተገዛው ሙጫ በከንቱ ይባክናል። ጠንክሯል ተብሎ ከአቅሙ በላይ ሸክም ከተጫነበት ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ አልፎ ወደ አካል ይደርሳል።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። እንጨቱ ምን ያህል ላልቷል? በትክክል ደርቋል ወይ? ሲጠናቀቅስ ለምን አገልግሎት ይውላል?

እንጨት ለምን ይዥጎረጎራል?

የመዥጎርጎሩ ምክንያት ፈንገስ ነው። የወደቀ ግንድ ከመሬት እርጥበት እየሳበ ሲቆይ የፈንገስ ዘሮች በተቆረጠው ጫፍና በተላጠው ቅርፊት በኩል ይገባሉ። ፈንገስ ለማደግ እርጥበት፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ይሻል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይቆማል። እንጨቱ ሙሉ በሙሉ በውኃ ውስጥ ከተዘፈቀም አየር ስለማያገኝ አይስፋፋም።

ጥቋቁሮቹ መስመሮች የድንበር ምልክቶች ናቸው። በአንድ ግንድ ውስጥ የተለያዩ የፈንገስ ዘሮች ሲገናኙ እያንዳንዱ የያዘውን ቦታ ለመከላከል ጠንካራና ጥቁር ግድግዳ ይሠራል። ግንዱ ሲሰነጠቅ ያ ግድግዳ እንደ መስመር ኾኖ ይታያል። የእንጨቱ መንጣት የሚመጣው ደግሞ ፈንገሱ የእንጨቱን ክሮች የሚያጣብቀውንና ቀለም የሚሰጠውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲበላው ነው። ይህ ነጭ መበስበስ ይባላል። በዝግባና በቀረሮ ላይ በብዛት የሚታየው ሰማያዊ ቀለም ግን ከዚህ ይለያል፤ መልክን ከመቀየር በቀር ጥንካሬን እምብዛም አይቀንስም።

ሁሉም ዛፍ እኩል አይዥጎረጎርም። ማንጎና ሾላ ቶሎ ይጠቃሉ። የወይራና የጽድ የውስጥ እንጨት በተፈጥሮው መበስበስን ስለሚቋቋም ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ይቆያል። እንደ ቆርች ያሉ ዛፎች ደግሞ ፈንገስ ባይነካቸውም ከመነሻቸው ቀላልና ለስላሳ ናቸው።

በፈንገስ ያማረ እንጨትን ለጥበብ ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጣሊያን አናጢዎች በእንጨት ላይ እንጨት እየለበጡ ሥዕል ሲሠሩ፣ ለቅጠልና ለሣር መልክ በፈንገስ አረንጓዴ የኾነ እንጨት ይጠቀሙ ነበር። ቀለሙ እስከ ዛሬ ሳይጠፋ ቆይቷል።

የትኛው ይጠነክራል፣ የትኛው ይተዋል?

የላላ እንጨት ሁሉ ለሙጫ ወጪ አይገባም። ለመለየት ቀላሉ መንገድ የሚስማር ፈተና ነው። አንድ ሚስማር በእጅ ብቻ ወደ እንጨቱ ሲጫን ምንም የማይገባ ከኾነ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ ማድረቅና መላግ ብቻ ይበቃዋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ የሚቆም ከኾነ ለማጠንከር ተስማሚ ነው። ያለ ችግር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ወይም እንጨቱ በጣቶች መካከል ዱቄት የሚኾን ከኾነ ግን ጊዜው አልፎበታል።

ሌላው መለያ የስንጥቁ ዓይነት ነው። እንጨቱ ጠቁሮና ቡናማ ኾኖ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ በአራት ማዕዘን ከተሰነጣጠቀ የደረሰበት ቡናማ መበስበስ ይባላል። በዚህ ጊዜ ፈንገሱ ለእንጨት ብርታት የሚሰጠውን ሴሉሎስ የተባለ ክር በልቶ ጨርሷል። ሙጫ ቢጠጣም የሚያያዝበት አካል ስለሌለው ውጤቱ ተሰባሪ ይኾናል።

ደረቅና የደቀቀ ዱቄት የሚያፈሱ ክብ ቀዳዳዎች ያሉት እንጨት ነቀዝ ገብቶበታል። እንዲህ ያለውን እንጨት ሳያክሙ ወደ ቤት ማስገባት ጤነኛውን የቤት ዕቃ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለዓለም አቀፍ ንግድ የሚውሉ የእንጨት ማሸጊያዎች ከተባይ ነጻ እንዲኾኑ የተቀመጠው የሙቀት ሕግ፣ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። ለአነስተኛ ቁራጮች ይህን በኤሌክትሪክ ምድጃ መፈጸም ይቻላል። ልብ ሊባል የሚገባው የምድጃው ሙቀት 56 መድረሱ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ወፍራም ቁራጭ መሐሉ እስኪሞቅ ብዙ ተጨማሪ ጊዜ ይፈጃል።

ማድረቅ የሥራው ግማሽ ነው

በቤት ውስጥ የሚሞከር ማጠንከር አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው በእርጥበት ምክንያት ነው። ውኃ የያዘው ቀዳዳ ሙጫ አያስገባም። ላይ ላዩ የጠነከረ፣ ውስጡ ግን የላላ እንጨት መጀመሪያ ላይ የተሳካ ይመስላል፤ ሲቆረጥ ወይም በቶርኖ ላይ ሲዞር ግን ጉዱ ይወጣል። ውስጥ የቀረው ውኃ ቀስ በቀስ ሲወጣም ሥራው ካለቀ ከወራት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ግንዱ ከተሰነጠቀ በኋላ ለሚፈለገው ሥራ ከሚበቃው ጥቂት ወፈር ተደርጎ ይቆረጣል። ውኃ ከጎን ይልቅ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፎቹ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ይቀባሉ፤ ይህ የጫፍ መሰንጠቅን ይቀንሳል። ቁራጮቹ ከመሬት ከፍ ብለው፣ በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ጭምጭም እንጨቶች ገብተው፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘውና ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ይደረደራሉ። ለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ወቅት ተመራጭ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚጀመር ማድረቅ ግን ፈንገሱ ሥራውን እንዲቀጥል ዕድል ይሰጠዋል። በልምድ እንደሚታወቀው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት በጥላ ለመድረቅ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ቀላልና የላላ እንጨት ከዚህ ፈጥኖ ይደርቃል።

መድረቁን በእጅ ዳሰሳ መገመት አያስተማምንም። አስተማማኙ መሣሪያ ሚዛን ነው። ቁራጩ በየሳምንቱ ተመዝኖ ክብደቱ ይጻፋል፤ ለተከታታይ ሳምንታት ካልቀነሰ በጥላ ሊደርቅ የሚችለውን ያህል ደርቋል ማለት ነው። ትክክለኛውን የእርጥበት መጠን ለማወቅ ከዚያው እንጨት የተቆረጠ ናሙና ተመዝኖ በምድጃ ሙሉ በሙሉ ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። የጠፋው ክብደት ለደረቁ ክብደት ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ 620 ግራም የነበረ ናሙና ደርቆ 500 ግራም ቢኾን የጠፋው ውኃ 120 ግራም ነው፤ ይህም 24 በመቶ እርጥበት ይኾናል። እንዲህ ያለው እንጨት ለማጠንከር ገና ነው።

በእጅ ለሚቀባ ሙጫ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ቢኾን ይመረጣል። አየር በመምጠጥ ለሚከናወነው ዘዴ ግን ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ለዚህም በጥላ የደረቀው ትንሽ ቁራጭ ከ100 እስከ 105 ዲግሪ በሚሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያህል ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይቆያል። ከምድጃ እንደወጣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ታሽጎ መቀዝቀዝ አለበት፤ አለበለዚያ ከአየሩ መልሶ እርጥበት ይስባል።

እርጥብ እንጨትን ሳያደርቁ ማጠንከር የሚቻልበት መንገድ ቢኖርም ለቤት የሚኾን አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ሰጥማ በ1961 ከባሕር የወጣችው ቫሳ የተሰኘች የስዊድን የጦር መርከብ ለዚህ ምሳሌ ናት። እንጨቷ ሲደርቅ እንዳይኮማተር በውስጡ ያለውን ውኃ የሚተካ ሰም መሰል ኬሚካል ለ17 ዓመታት ያህል ሲረጭባት ቆይቷል። በቤት ለሚሠራ ሰው አጭሩ መንገድ እንጨቱን አስቀድሞ ማድረቅ ነው።

የማጠንከሪያ አማራጮች

*ዘይትና ቫርኒሽ።* የተልባ ዘይትም ኾነ ቫርኒሽ የእንጨትን ገጽ ያሳምራል፤ ከውኃም በመጠኑ ይከላከላል። ይኹን እንጂ የላላን እንጨት ከውስጥ አያጠነክርም። እነዚህን የማጠናቀቂያ ቅብ አድርጎ መውሰድ ይገባል።

*በውኃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ።* በዋጋም በአቅርቦትም ቀላሉ ነው። በአንድ ጥግ ብቻ የላላን ትንሽ ቦታ ለመያዝ ይረዳል። የሚሰርገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲኾን፣ በውስጡ ያለው ውኃ እንጨቱን ስለሚያሳብጥ ከተቀባ በኋላ በደንብ መድረቅ አለበት።

*ቀጭን ሱፐር ግሉ።* በቶርኖ ላይ ወይም በመሮ ሲሠራ የሚፈረፈርን ጠባብ ቦታ በፍጥነት ያጠነክራል። ለትልቅ ቁራጭ ግን ዋጋው አያዋጣም። በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ ላይ በብዛት ሲፈስ ቆዳ እስከሚያቃጥል ሊግልና ሊጨስ ስለሚችል በጨርቅ መቀባት የለበትም።

*ኢፖክሲ።* ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚደርቁበት ጠንካራ ሙጫ ነው። ስንጥቅንና ሰፊ ቀዳዳን ለመሙላት ተመራጭ ነው። ከወፍራሙ ይልቅ ቀጭኑ ዓይነት ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። እንጨቱን ለብ አድርጎ ማሞቅም ስርገቱን ያግዛል። የሁለቱ ፈሳሾች ልክ በመያዣው ላይ እንደተጻፈው በትክክል መለካት አለበት፤ ማጠንከሪያውን በማብዛት ቶሎ ለማድረቅ መሞከር ጨርሶ የማይደርቅ፣ የሚያጣብቅ ገጽ ያስከትላል። በደጋ አካባቢ ብርዱ መድረቁን ያዘገያል። በአንጻሩ ብዙ ኢፖክሲ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደባልቆ ከቆየ በራሱ ሙቀት ሊፈላና ሊጨስ ይችላል።

*አየር በመምጠጥ የሚገባ ሬዚን።* እንጨትን እስከ መሐሉ የሚያጠነክረው ይህ ዘዴ ነው። ፓምፕ፣ ለዚሁ የተሠራ ጠንካራ መያዣና በሙቀት የሚደርቅ ልዩ ሬዚን ስለሚፈልግ ወጪው ከፍ ይላል። ለአንድና ለሁለት ቁራጭ ሳይኾን በተደጋጋሚ ለሚሠራ ሰው ወይም መሣሪያውን በጋራ ለሚገዙ አናጢዎች ይስማማል።

አየር በመምጠጥ ማጠንከር እንዴት ይከናወናል?

በምድጃ ደርቆ የቀዘቀዘው ቁራጭ ተመዝኖ መያዣው ውስጥ ይገባል። እንጨት ስለሚንሳፈፍ ከላይ ክብደት ይጫንበታል፤ ከዚያም ሬዚኑ እንጨቱን በብዙ ጣት አልፎ እስኪሸፍነው ይፈሳል። ፓምፑ ሲጀምር ከእንጨቱ የሚወጣው አየር አረፋ ይፈጥራል። አረፋው ወደ ፓምፑ እንዳይገባ መጀመሪያ ላይ ቀስ እያሉ መምጠጥ ያስፈልጋል። አረፋው እስኪቆም ድረስ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና ውፍረት ለሰዓታት ይቀጥላል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ። ፓምፑ የሚሠራው አየሩን ማስወጣት ብቻ ነው፤ ሬዚኑ ወደ እንጨቱ የሚገባው አየር ወደ መያዣው ሲመለስ፣ በአየሩ ግፊት ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከቆመ በኋላ እንጨቱ በሬዚኑ ውስጥ እንደሰጠመ ቢያንስ አየሩ የተመጠጠበትን ጊዜ እጥፍ መቆየት አለበት።

የአካባቢው ከፍታም በሥራው ላይ ለውጥ ያመጣል። በባሕር ጠለል ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፉ መመሪያዎች የግፊት መለኪያው ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ እንዲደርስ ይጠይቃሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅ ያለ በመኾኑ ምርጥ ፓምፕም ቢኾን ከ24 ኢንች ብዙም አያልፍም። 2 ሺህ 800 ሜትር በምታልፈው ደብረ ብርሃን ደግሞ 21 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል። ይህ የፓምፑ ብልሽት ምልክት አይደለም። ሬዚኑን የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በደጋ የሚሠራ ሰው እንጨቱን በሬዚን ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየቱ ይጠቅመዋል።

እንጨቱ ከሬዚኑ ወጥቶ ከተንጠፈጠፈ በኋላ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ 90 ዲግሪ ገደማ በኾነ ሙቀት ይደርቃል። ቀጭን ቁራጭ አንድ ሰዓት ያህል፣ ወፍራሙ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በሬዚኑ መያዣ ላይ የተጻፈው መመሪያ የመጨረሻው ዳኛ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይመዘናል። እጅግ የላላ እንጨት የራሱን ክብደት ያህል ሬዚን ሊጠጣ ይችላል። የክብደቱ ጭማሪ ጥቂት ከኾነ እንጨቱ ቀድሞ አልደረቀም፣ ወይም በሬዚኑ ውስጥ በቂ ጊዜ አልቆየም ማለት ነው።

ለጤናና ለሕይወት የሚደረግ ጥንቃቄ

አየሩ የተመጠጠ መያዣ ከውጭ ከባድ ጫና ይሸከማል። በባሕር ዳር ከፍታ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ክዳን ላይ የሚያርፈው ጫና 400 ኪሎ ግራም ያህላል። የምግብ ብልቃጥ፣ ጠርሙስ ወይም ስስ ፕላስቲክ ይህን አይችልም፤ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ዐይንን ሊያሳውር ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መያዣና የዐይን መከላከያ መነጽር የግድ ናቸው።

ሬዚን የሚደርቅበት ምድጃ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ የሚጋገርበት መኾን የለበትም። ለዚህ ብቻ የሚውል ምድጃ ከሳሎንና ከማዕድ ቤት ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጣል። ከሰልና እሳት በሚነድበት አቅራቢያ ቲነር፣ አሴቶንም ኾነ ሬዚን መክፈት ቃጠሎ ያስከትላል። የኢፖክሲ ፈሳሽ በተደጋጋሚ ቆዳ ሲነካ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያመጣ ስለሚችል ጓንት ማድረግ ይገባል።

ከተዥጎረጎረ እንጨት የሚወጣው አቧራ የእንጨትና የፈንገስ ብናኝ ድብልቅ ነው። በመጋዝ ሲቆረጥም ኾነ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ አፍና አፍንጫን በደንብ የሚሸፍን የአቧራ ጭምብል ያስፈልጋል። አስም ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት ከሥራው ቦታ መራቅ ይኖርባቸዋል። የአቧራ ጭምብል የሬዚንን ትነት እንደማያስቀርም ማወቅ ይገባል።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ውጭ ላይ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም በውኃ ተነክሮ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የትርፍራፊው ጉዳይ ነው። ሬዚን የጠጣ ቁራጭና ፍቅፋቂ ጭሱ መርዛማ ስለኾነ ወደ ምድጃ አይመለስም፤ ለከብት መተኛ አይነጠፍም፤ ከማዳበሪያ ጉድጓድም አይጨመርም።

የተጠናከረ እንጨት የማይውልባቸው ሥራዎች

ሬዚን የእንጨቱን ቀዳዳ ይሞላል፤ ፈንገስ የበላውን ረጅም ክር ግን አይመልስም። እንጨት ሲታጠፍና ሲመታ የሚችለው በክሩ ነው። በዚህ ምክንያት የተጠናከረ እንጨት ሲላግና ሲወለወል ድንጋይ ቢመስልም በድንገተኛ ምት ሊሰበር ይችላል። ለሞፈርና ለቀንበር፣ ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ፣ ለመሰላል፣ ለበርጩማና ለወንበር እግር፣ ለቤት ምሰሶና ማገር ፈጽሞ መዋል የለበትም። የበሰበሰ ምሰሶ መፍትሔው መለወጥ ነው።

ለምግብ ማቅረቢያ ገበታ፣ ለማማሰያና ለሙቀጫም አይመከርም፤ ሬዚኑ ከምግብ ጋር እንዲነካካ ካልተዘጋጀ በሙቀትና በመፋቅ ወደ ምግቡ ሊገባ ይችላል። ረከቦት ላይ ሲውል ደግሞ ፍም ከሚቀመጥበት ርቆ በጎን ጌጥነት ብቻ ቢኾን ይሻላል።

ሥራውን ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው ሙጫ በጠጣ እንጨት የተሠራ መኾኑንና ከእሳት መራቅ እንዳለበት ለገዢው ሊነግር ይገባል። ለጀማሪ ደግሞ የሚበጀው ከአንድ ግንድ ሦስት ትንንሽ ቁራጮችን ወስዶ፣ ክብደታቸውን እየመዘገበ፣ አንዱን በኮላ፣ ሌላውን በኢፖክሲ መሞከርና ሦስተኛውን ለማነጻጸሪያ ማስቀረት ነው። ቁራጮቹ መሐል ለመሐል በመጋዝ ሲከፈሉ ሙጫው የት ድረስ እንደደረሰ በግልጽ ይታያል። ዋናውን እንጨት መንካት የሚገባው ያ ከታወቀ በኋላ ነው።